የሠላሳ አንድ ቁጥር ማተብ

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱን ትቶ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ፣ ጋኔን ያለበት ግቢ አለ። ይህን የምለው በልበ ሙሉነት ነው፤ ጋኔኑን እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝና።

ግቢው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። በድርቁ ዘመን ወላጅ ያጡ ልጆች ከሩቅ አገር በጭነት መኪና መጥተው ያደጉበት፣ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ልጆቹ በየገበሬው ቤት ተበትነው የተዘጋ። የእኛ ቤት ከግቢው ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ስለነበር ሲጫወቱም ሲገረፉም እንሰማ ነበር። ሲዘጋ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰዉ ሁሉ «ወይ ልጆቹ!» ብሎ ሲያዝን፣ እኔም አዝኜ ስጨርስ፣ ዓይኔ የግቢው ዘይቱን ዛፎች ላይ ዐረፈ። ዘይቱኑ የሰው ጭንቅላት ያክል ነበር። እሺ፣ የሕፃን ጭንቅላት። ካላመናችሁኝ የሕፃን ጡጫ ይሁንና እንስማማ።

ችግሩ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ዓይን ነበረው። ስለዚህ አንድ የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ፤ «ትናንት በዚያ ሳልፍ ከመኝታ ቤቱ ውስጥ ልጆች ሲያዜሙ ሰማሁ። ደጁ ግን ተቆልፏል።» ያልኩት ይኸን ብቻ ነው፤ እምላለሁ። በሳምንቱ ወሬው ነጭ የለበሰች ሴት ይዞ ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ሰኮና አበቀለች። ወሬው የቡሬን ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ጋኔኑ በቀን አንድ ጥጃ ይበላ ጀመር። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይቱኑን ብቻዬን በላሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ዛፍ ላይ ሆኜ ወደ መስኮቱ ባይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። እጇ ከፊቷ ያለውን እንጨት ቀስ እያለ ይዳስሳል። ከዛፉ መውረዴን አላስታውስም። ወድቄ ይሁን በርሬ እግዜር ይወቀው፤ ራሴን ያገኘሁት እናቴ ጉያ ውስጥ ነው። እግዜር ውሸታምን ሲቀጣ የገዛ ውሸቱን አሳምኖ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ዝር አላልኩም።

የመለሰኝ ጓደኛዬ ነው። ከማሳደጊያው ልጆች አንዱ ነበር። ሲዘጋ ጎረቤታችን የነበሩ ገበሬ ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉት፤ ከእኔም ጋር አብረን ትምህርት ቤት ተመላለስን። ዛሬ ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም ነን፤ እኔ አስተምራለሁ፣ እሱ ወፍጮ ቤት አለው። ቅንድቡ ዓመቱን ሙሉ በዱቄት የነጣ፣ ቁመቱ ከበሩ የሚተርፍ፣ ያለ መነጽር በሬና ላም የማይለይ ሰው ነው። ዋሽቶ አያውቅም። ይህን ጉድለቱን ችዬ ነው የኖርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ወፍጮውን አቁሞ ቤቴ መጣ። ወፍጮ በገበያ ቀን ሲቆም ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ ሰው ሞቷል።

«ልንቆርብ ነበር» አለኝ።

ባለቤቱ ታማ ነበረች፤ ክፉኛ። ስትታመም «ከዳንኩ አብረን እንቆርባለን» ብለው ተስለዋል። እሷ ዳነች። የንስሐ አባታቸው ጉዳዩን በደስታ ጀመሩና የሁለቱንም የክርስትና ስም ጠየቁ። እሷ የራሷን ተናገረች። እሱ የሚናገረው ስም አልነበረውም።

«እና አንድ ስም አትነግራቸውም ነበር?» አልኩት። «ስም ሞልቷል! አንተ ሰው፣ የጻድቅ አይጠፋህ፣ የመልአክ አይጠፋህ።»

«እንዳንተ አልተፈጠርኩማ።»

«እሱስ ልክ ነህ።»

«ቀልዱን ተወው። ስሙ አይደለም የጨነቀኝ» አለ። «ክርስትና መነሣቴንስ ማን ያውቃል? ወደ ማሳደጊያው ስገባ የሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ከተነሣሁ ሁለተኛ መጠመቅ ኃጢአት ነው፤ ጥምቀት አንዲት ናት። ካልተነሣሁ ደግሞ መቁረብ አልችልም። ቄሱ “የሚያውቅ ሰው ፈልገህ አምጣ” ብለውኛል። እሷ ደግሞ “ያላንተ አልቆርብም፣ አብረን ነው የተሳልነው” ብላ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ማተብህስ?» አልኩት። በአንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ማተብ ያሰረ ሰው «ክርስቲያን ነህ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም።

«ያሰሩልኝ አባቴ ናቸው» አለ፤ ያሳደጉትን ገበሬ ማለቱ ነው። «ሲወስዱኝ አንገቴ ባዶ ነበር። “እነዚህ የማሳደጊያ ሰዎች በጥሰውበት ነው” ብለው በማግስቱ አሰሩልኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ሌላ ነገር አልጠረጠሩም።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ገበሬው ወላጆቹ አስጠምቀውታል ብለው አሰቡ፤ ቄሱ ገበሬው አስጠምቀውታል ብለው አሰቡ፤ ማተቡን ያየ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሠላሳ ዓመት ሲጾም፣ ሲያስቀድስ፣ ዝክር ሲያበላ የኖረ ሰው መጠመቁን የሚያውቅ አንድ ሰው አጣ።

ማሳደጊያው አካባቢ የሚያውቅ ሰው ብናገኝ ብለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ አስፋልቱ ዳር ድረስ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። እግረ መንገዳችንን ሰውዬው ኪሱን ሲደባብስ ቆየና መነጽሩን ወፍጮ ቤት ረስቶ መምጣቱን ነገረኝ።

«ጋኔን ለማየት መነጽር አያስፈልግም» አልኩት። እኔ ግን ከኋላው መሄድ ጀምሬ ነበር።

ግቢው በር ላይ፣ ዋንዛ ጥላ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ቃጫ እየፈተሉ ገመድ ይሠራሉ። ቀበሌው የቀጠራቸው ጠባቂ ናቸው። ሰላምታችን ካለቀ በኋላ ግቢውን ማየት እንደምንፈልግ ነገርናቸው።

«ከዚሁ ሆናችሁ አትመለከቱትም?»

«ውስጡን ነው፣ አባቴ» አልኩ። «እርስዎ ይገባሉ?»

«እኔ የምጠብቀው ውጩን ነው» አሉ ገመዳቸውን እየገመዱ። «ውስጡን የሚጠብቁ አሉ።»

ጓደኛዬን አየሁት። እሱ ያለ መነጽሩ ዛፍ የመሰለውን ግድግዳ እያየ ነው።

«እዚህ ነው ያደግሁት፣ አባቴ» አላቸው። «ሠላሳ አንድ ቁጥር ነበርኩ።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። «ስንት?»

«ሠላሳ አንድ። ሸሚዛችን አንገት ላይ በቀይ ክር ይጠለፍልን ነበር።»

«የጠለፈችው ባለቤቴ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ሞግዚታችሁ። ነፍሷን ይማር።»

ጓደኛዬ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ራሱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት፤ ከዚያ ገመዱን ወዲያ አድርገው የመጣንበትን ነገር ሰሙ። ሲናገሩ አልተጣደፉም፤ የሚቸኩል ሰው ከቡሬ እስከዚያ አይመጣም ብለው መሆን አለበት።

ልጆቹ ሲመጡ ቅማልና እከክ ወርሷቸው ነበር። ኃላፊው «ፀጉራቸው ይላጭ፣ ልብሳቸው ይቃጠል፣ አንገታቸው ላይ ያለው ክርም ይቆረጥ» ብሎ አዘዘ። ሞግዚቷ ታዝዛ ነበርና ቆረጠች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን እህል አልወርድ አላት። የክርስቲያን ማተብ በገዛ እጇ መቁረጧ ነው። በማግስቱ ከሚቃጠለው ክምር ውስጥ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

«የማን የማን እንደሆነ እንዴት አወቀች?» አልኩ።

«እናት የልጇን ክር አታውቅም? ስትቆርጠው እያለቀሰች አይደለም ያየችው?» አሉኝ፤ ጥያቄዬ አስተማሪ ለሆነ ሰው እንደማይመጥን በሚናገር ዓይን። «አጠበቻቸው። ከዚያ የአንሶላ ቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ቁጥራቸውን ጻፈች። ማተብ ይዞ ለመጣው ሚስማር መትታ ክሩን ሰቀለችለት። ማተብ ላልነበረው ሚስማር አልመታችም። “እነዚህን ቄስ አምጥቼ አስጠምቃለሁ” ትል ነበር። ኃላፊው ግን የዚያን ጊዜ ሰው ነው፤ ቄስ በዚህ በር እንዳያልፍ ከለከለ።»

«ክሩን ለምን አልመለሰችላቸውም?»

«ኃላፊው ባለበት እንዴት ብላ? ግቢው ሲዘጋ ደግሞ ደምበጫ ወንድሟ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነበረች። ስትመለስ አልጋው ሁሉ ባዶ ነው። የት የት እንደሄዱ የሚነግራት አጣች። ከዚያ ወዲያ በየወሩ እየገባች ያንን በር ትወለውለው ነበር፤ ድር እንዳያደራበት።»

ቀስ ብዬ ጠየቅሁ፤ «ነጠላ ለብሳ ነው የምትገባው?»

«ሌላ ምን ትልበስ?» ፈገግ አሉ። «“በቁሜ ጋኔን አደረጉኝ” እያለች ትስቅ ነበር። እኔማ ጋኔኑን እወደዋለሁ። እሱ ባይኖር ይህን ቆርቆሮ በአንድ ክረምት ነቅለው ይጨርሱት ነበር። የኮረብታው ልጅ ነው አሉ ያስወራው። አፉ ሰፊ ነበር ይላሉ።»

ይህን ሲሉ አፌን ያዩኝ መሰለኝ። ገጠምኩት።

ቁልፍ አልነበረም፤ በሩ በገመድ ነው የታሰረው። ስንገባ መሬቱ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ፣ በወለሉ ስንጥቅ መካከል ባሕር ዛፍ በቅሎ ጣሪያውን እየገፋ ነው። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ የሌሊት ወፍ ኩስና የእርጥብ ኖራ ሽታ ብቻ። ሁለት እርምጃ እንደሄድን ግን ድምፅ ሰማን። ብዙ ሆነው፣ ዝቅ ብለው፣ በአንድነት ያዜማሉ።

ጓደኛዬ እጅጌዬን ያዘ። እኔ ደግሞ የእሱን ቀበቶ ያዝኩ። እዚያ ቆመን ስንት ዓመት እንዳለፈ አላውቅም። ኋላ አንዲት ንብ መጥታ አፍንጫዬ ላይ ዐረፈች። ቀና ብል ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር ንብ ነው። ማሩ በግድግዳው ላይ ወርዶ ወርዶ ጠቁሯል። እኔ ያወራሁት መዝሙር ሠላሳ ዓመት ቆይቶ እውነት ሆኗል።

ጓደኛዬ መኝታ ክፍሉ ጋ ሲደርስ እጅጌዬን ለቀቀ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እየቆጠረ ሄደ፤ ከሁለተኛው መስኮት አጠገብ ቆመ። «እዚህ ጋ ነው» አለ፤ ለእኔ አይደለም። እዚያው ተውኩትና ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄድኩ።

ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ነው። በሩ በእርጥበት አብጦ እምቢ አለኝ፤ በትከሻዬ ገፋሁት፣ በጉልበቴ ታገልሁት፣ በመጨረሻ በልመና ተከፈተ። በውስጠኛው ገጽ ላይ፣ ልክ ሽማግሌው እንዳሉት፣ ቁጥሮቹ በቀይ ቀለም ተደርድረዋል። ከየቁጥሩ በላይ ትንንሽ ሚስማር፣ ከየሚስማሩ ክር። አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ሰማያዊም አለ። አንዱ ላይ የጥፍር ያህል የእንጨት መስቀል፣ ሌላው ላይ አንዲት ዶቃ። አንዳንዱ ቁጥር ላይ ምንም የለም። ሰው ነኝና ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

ሠላሳ። ሚስማር አለ፣ ክር አለ። ሠላሳ ሁለት። ሚስማር አለ፣ ክር አለ። በመካከላቸው ያለው ሠላሳ አንድ ግን ቁጥር ብቻ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንጨቱ ልሙጥ ነው፤ የሚስማር ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ከኋላዬ እግሩን ሰማሁ። «አለ?» አለኝ። ያ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ ሰውዬ ድምፁ የልጅ ሆኖ ወጣ።

ምን ነካህ ብትሉኝ፣ ባለቤቱ እየጠበቀችው መሆኑ ትዝ አለኝ። መነጽር አለመያዙም ትዝ አለኝ፤ መጥፎ ነገር ሁሉ የሚመጣው ሲመቻች ነው። የሠላሳ ሁለትን ክር ከሚስማሩ አነሣሁና መዳፉ ላይ አኖርኩት።

«ይኸው» አልኩት። «ያንተ።»

አላለቀሰም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ክሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፣ አሸተተው፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ሊለካው ሞከረ። ከአንዱ ጆሮው እስከ ሌላው እንኳ አልደረሰም።

«አይ እኔ! ትንሽ ነበርኩ ማለት ነው» አለ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሥራዬን አደነቅሁ። ይህም አለ እንግዲህ፣ ሰው በውሸቱ የሚኮራበት ጊዜ።

ከዚያ ቀና ብሎ «የሠላሳ ሁለትስ አለ?» አለኝ።

«የማን?»

«የሠላሳ ሁለት ቁጥር። አልጋው ከእኔ ቀጥሎ ነበር። እንቅልፍ አይወስደውም፤ እጄን ካልያዝኩለት አይተኛም ነበር። ኋላ አጎቱ መጥቶ ወደ ዱርቤቴ ወሰደው። ዛሬም እዚያ እህል ይነግዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ክሩ ካለ ልወስድለት ብዬ ነው።»

በሩን አየሁት። ሠላሳ ሁለት ላይ ባዶ ሚስማር ቀርቷል። «የለም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«የለም?» አለና ክሩን እንደያዘ አሰበ። «ምስኪን። እሱ ነዋ ያልተጠመቀው። በል፣ ዱርቤቴ መሄዴ ነው። ሳይጠመቅ እየኖረ ይሆናል፤ ሄጄ ልነግረው ይገባል። አይገባም ትላለህ?»

ውሸቴ እግር አውጥቶ ዱርቤቴ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ያልተጠመቀው ሊቆርብ፣ የተጠመቀው ሁለተኛ ሊጠመቅ፣ ሁሉንም ያደረግሁት በአንድ ክር። ስለ ዘይቱን የዋሸሁት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ጉዳት በአንድ ደቂቃ አላደረስኩም።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያስ እንዳትነሣ። ተነሥተህ ከመታኸኝ አልተርፍም።»

ነገርኩት። ንቦቹ ያዜማሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ስጨርስም ቀና አላለም። ከዱቄት ጋር ሃያ ዓመት የኖረ እጁ ክሩን እንዳይበጠስበት ለስለስ አድርጎ ይዞታል።

«ሠላሳ አንድ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ቀዳዳም የለው።»

«ጣቴን አስነካኝ» አለ።

ተነሣ። ጣቱን ይዤ እንጨቱ ላይ አደረግሁለት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ዳሰሰው። ቁጥሩን ሲደርስበት ቀለሙ ትንሽ ያብጥ ነበርና ሠላሳ አንድን በጣቱ አነበበው። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄዶ ባዶውን ሚስማር አገኘው፤ የጎረቤቱን ክር ራሱ ሰቀለለት።

«ለምን ነገርከኝ?»

«ዱርቤቴ ልትሄድ ነዋ!»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ እየሳቀ ነው። ሳቁ ንቦቹን ቀሰቀሳቸው መሰለኝ ዜማቸው ከፍ አለ፤ እኛም ሰው የሚሮጠውን ያህል ሮጠን ወጣን። ሁለት ቦታ ተነድፌአለሁ። ሁለቱንም የት እንደሆነ አልጽፍም።

በር ላይ ሽማግሌው ፊታችንን አይተው አልጠየቁም። ጓደኛዬ ራሱ «የለኝም፣ አባቴ። ሚስማር አልመቱልኝም» አላቸው።

«እንግዲህ የባለቤቴ ዕዳ ነህ» አሉ። «ልታስጠምቅህ ነበር፤ እኔ አለሁላት።» ያን ዕለት ገመዳቸውን ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእኛ ጋር ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ባጃጁ ላይ ስንሳፈር ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ደገሙ፤ ሲወርዱ «ጋኔንስ ይኸ ነው» አሉ።

የንስሐ አባትየው ምስክርነቱን ሰሙ፤ ከሌሎች ካህናትም ጋር መከሩ። ጓደኛዬ እንዲጠመቅ ተወሰነ። ከዚያ የክርስትና አባት ማን እንደሚሆን ጠየቁት። እሱም ወደ እኔ አገጩን ቀሰረ።

«እሱ?» አሉ ቄሱ። ያውቁኛል።

«የማይዋሽ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ አባ» አላቸው። «ይህኛው ቢያንስ ዋሽቶ አያድርም።»

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ እሱ በአርባ ምናምን ዓመቱ ተነሣ። ከሦስት ሕፃናት ጋር ተሰልፎ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ሲክድ ድምፁ ሕፃናቱን አስለቀሳቸው። ሕፃንን የክርስትና አባቱ ያቅፈዋል፤ እኔ የእኔን ለማቀፍ ሁለት ረዳት ያስፈልገኝ ስለነበር ትከሻውን ይዤ ብቻ ቆምኩ። በነገራችን ላይ ይህ አባትነት በዋዛ አልመጣልኝም። ልጄን ለልጁ ለመዳር በሆዴ ይዤ ኖሬ ነበር፤ የክርስትና ዝምድና ግን እንደ ሥጋ ዝምድና ነው፣ ልጆቻችን ከእንግዲህ አይጋቡም። ጉድ ነው! እንደሱ ያለ አማች የት አገኛለሁ?

ቄሱ አዲስ ማተብ ሊያስሩለት ሲሉ አሮጌውን ነካ አድርጎ «ይህንን ልፍታው?» አላቸው።

«አባትህ አምነው ነው ያሰሩት» አሉት። «ለምን ትፈታዋለህ? ይኸኛው ከጎኑ ይታሰር።»

የተሰጠውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱና የእግዜር ነው። የዚያኑ ዕለት ከባለቤቱ ጋር ቆረቡ። እሷ ከሴቶቹ በኩል፣ እሱ ከወንዶቹ በኩል ወጥተው በሩ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ የቆረበ ሰው እንዲሁ አያወራም። እሷ ዓይኑን አየችው፣ እሱ ዓይኗን አየ፤ መንገድ ጀመሩ። እኔ ከመካከል ገባሁና እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወፍጮው ቀበቶ፣ ስለ ጎረቤታቸው በሬ፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ወሬ አወራሁ። የሚያቋርጠኝ አልነበረም። ከንግግሬ ግማሹ እውነት ነበር።